ስኳር የሌለበት ቤት

ባሕር ዳር፣ ሰኞ የካቲት 4 ቀን 1977

ዛሬ ከክሊኒክ ተመለስን። ባለቤቴን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን የስኳር በሽታ ይዟቸዋል። ከገና ጀምሮ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ሲነሡ፣ ውሃ በገንቦ ሲጨርሱ፣ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሲንጠለጠል እያየሁ እርጅና ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ጓሮ የሸኑበትን ጉንዳን ሲወረው አይቼም ዝም ብያለሁ። ሠላሳ ዓመት መምህርት ሆኜ ልጆችን «ያየሽውን ጻፊ» ስል ኖሬ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በታይፕ የተጻፈ የአመጋገብ ወረቀት ሰጠኝ። ጠዋት እንቁላል አንድ፣ ወተት አንድ ብርጭቆ፣ ዳቦ ግማሽ። ከሳምንት በኋላ ዐቢይ ጾም እንደሚገባ የጻፈው ሰው አላሰበም። ሦስት የፊደል ስሕተት አለበት፤ በቀይ አረምሁት።

መርፌው በየቀኑ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ቤት ስንደርስ መሪጌታ «ወለተ ሩፋኤል፣ እንግዲህ በሆዴ ላይ የተሾምሽው አንቺ ነሽ» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ የካቲት 6

የክሊኒኩ ድሬሰር አካሉ መርፌ አወጋግ አስተማረኝ። የመስታወቱን ሲሪንጅ አሥራ አምስት ደቂቃ መቀቀል፣ ሃያ መስመር መሳብ፣ ጭን ላይ መውጋት። በአንድ ጊዜ ያዝሁት። ሽንት የምመረምርበትንም ሰጠኝ፤ ሰማያዊ ውሃ በጠርሙስና አንድ የመስታወት ቱቦ። ስምንት ጠብታ ሽንት ጨምሮ ማፍላት ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ የሸክላ ቀይ ከሆነ ብዙ ነው። ግልጽ ነገር እወዳለሁ። በየቀኑ እመዘግባለሁ።

ከዚያ ግን እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ፣ መርፌውን ከወጓቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይብሉ። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ቶሎ ስኳር ያቅምሷቸው። ቤትዎ ስኳር እንዳይጠፋ።»

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ስንተኛ ክፍል ነው የጨረስኸው?»

«ስምንተኛ።»

ነገሩ ገባኝ፤ የሰማውን ገልብጦ ይዞታል። ላሳፍረው አልፈለግሁም፤ አመስግኜው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱን አጸዳሁ። የቀበሌውን ስኳር አንድ ኪሎ ከነጣሳው ለጎረቤታችን ለፀሐይወርቅ ሰጠሁ። ተማሪዎቻቸው ከዘጌ ያመጡላቸውን ማር በቤተ ክርስቲያን በር ለሚቀመጡ ነዳያን አከፋፈልሁ። የማሩን ገንቦ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ጣፋጭ ነገር አይገባም።

ሐሙስ የካቲት 7

በደልጊ ጀልባ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሎሚ፣ ዘይት ጠብ ብቻ አድርጌ፣ በዝግታ አበሰልሁት። ከዳጉሳ እንጀራ ጋር አቀረብሁ፤ እንጀራው ሩብ። ባልትና ሳስተምርበት የነበረውን ሚዛን ከሣጥን አውጥቼ ሁሉን መዘንሁ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ያልተመዘነ ምግብ ያቀረበችን ልጅ ከገበታ ያስነሡ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ሦስተኛ አልነበረም።

መሪጌታ አጥንቱን አጽድተው በሉ። «ይህን የሚያበላ በሽታ ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

እውነት አላቸው። የሰውን ልጆች ወጥ መሥራት ሳስተምር ስኖር እሳቸው የቀዘቀዘ ሽሮ ሲበሉ ኖረዋል። አንድም ቀን አልተናገሩም።

አርብ የካቲት 8

መድኃኒቱን ሙቀት ያበላሸዋል። በሰፈሩ ፍሪጅ ያለው ፀሐይወርቅ ቤት ብቻ ነው። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቷን ቆልፋ ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ስለዚህ መርፌው ሁልጊዜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሌላ ሰዓት አይኖርም።

ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በሣህን ለብቻው ሳስቀምጥ አየችኝና፣ «እማማ፣ ሰኞ ጾም ሲገባ መድኃኒቱ ከሥጋው ጋር ሊያድር ነው። አይገድፍም?» አለችኝ። የመጣችው ከአዲስ አበባ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ያስቃታል። ልቧ ግን ደግ ነው።

ሰኞ የካቲት 11

ጾሙ ገባ። መርፌውን ወጋኋቸው። ግማሽ እንጀራ በሽንብራ ሽሮ አቀረብሁ። እጃቸውን አልዘረጉም።

«ዘጠኝ ሰዓት» አሉ።

ድሬሰሩ ስለ ግማሽ ሰዓቱ ያለውን ነገርኋቸው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በዚህ ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህን አውቃለሁ፤ አርባ አንድ ዓመት አብሬያቸው ጾሜያለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እኔ ራሴን በራሴ አልፈታም። አባ ገብረ መስቀል ለኪዳነ ምሕረት ከደሴት ይመጣሉ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ አንቺ ጠይቂልኝ። ብላ ካሉኝ እበላለሁ። ጹም ካሉኝ እጾማለሁ።»

«ለምን እርስዎ ራስዎ አይጠይቁም?»

«እኔ ስጠይቅ ለሆዴ የምለምን ይመስላል።»

ማክሰኞ የካቲት 12

ስምንት ሰዓት ላይ መረመርሁ። ሰማያዊ። ጥርት ያለ።

ሐሙስ የካቲት 14

ዛሬም ሰማያዊ።

ከቅዳሴ ስወጣ በደጀ ሰላሙ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። አንደኛዋ ከአጥራችን ማዶ ያለችው አገርነሽ ናት፤ በድምፅዋ አወቅኋት።

«የመሪጌታ ቤት በጠዋት ይጨሳል።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ። በየቀኑ አየዋለሁ። ቁርስ ሳያበስሉ አይቀሩም።»

«ኧረ እሳቸው እንዲህ አያደርጉም።»

«ሰው ሲያረጅ ሆዱን አይችልማ።»

ሳቁ። ዞር ብዬ «የሚጨሰው መርፌ ስቀቅል ነው» ማለት ነበረብኝ። አንገቴ አልዞር አለ። የአባቴ ቤት በሁዳዴ ጠዋት እሳት የማይነድድበት ቤት ነበር።

ከነገ ጀምሮ ሲሪንጁን በላምባ ምድጃ መኝታ ቤት ውስጥ እቀቅላለሁ፤ መስኮቱን ዘግቼ።

ቅዳሜ የካቲት 16

የኪዳነ ምሕረት በዓል። አባ ገብረ መስቀልን ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኋቸው፤ መርፌውን፣ ሰዓቱን፣ ድሬሰሩ ያለውን። ብዙም አላሰቡም። እጄን ይዘው ነገሩኝ፤ አንድ ጊዜ ደገሙልኝ። እስከ ፋሲካ ከሱባዔ እንደማይወጡም ነገሩኝ። ጀልባው ሄደ።

ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

በእግሬ ተመለስሁ። በአገርነሽ አጥር ሥር ሳልፍ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። መሪጌታ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«አባ ምን አሉ?»

«አላገኘኋቸውም። ጀልባው ቀድሞኝ ሄደ።»

«እንግዲህ እንደ ልማዴ ነዋ» አሉ።

ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ሰማያዊ ነው። መዝገቡ ይኸው ነው። የዳነን ሰው በጠዋት የማበላው ለምንድን ነው?

እሑድ የካቲት 17፣ ቅድስት

ትናንትና ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ጠዋት በሉ። ማታ ስመረምር የሸክላ ቀይ ነው። በሚበሉበት ቀን ቀይ፣ እስከ ዘጠኝ በሚጾሙበት ቀን ሰማያዊ። የሚያድናቸው ጾሙ ነው። ዐይን ያለው ሰው ይህን ያያል።

አርብ የካቲት 22

በዚህ ሳምንት ለዘጠኝ ሰዓት ያበሰልሁት፦ ሰኞ ስልጆ፣ የባቄላው ዱቄት በወንፊት ሁለት ጊዜ የተነፋ፣ ሰናፍጩ ራሴ የፈጨሁት። ማክሰኞ ምስር አዚፋ፣ ሎሚው የበዛ። ረቡዕ ጎመን፣ ውሃው ሳይደፋ በራሱ ውሃ የበሰለ። ሐሙስ የሱፍ ፍትፍት፤ ሱፉን ከሚዛን ላይ ሁለት ጊዜ ቀነስሁ። ዛሬ ተልባ፣ ማር የሌለበት፤ በጥቂት ጨውና በጤና አዳም። የሕመምተኛ ምግብ መጣፈጥ የለበትም የሚል ሰው ማብሰል አያውቅም። መሪጌታ ሲጎርሱ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ።

ከጠዋቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ያልባቸዋል። ነጠላቸው እስኪርስ ነው። የካቲት ይሞቃል፤ ስግደቱም አለ።

ትናንት ተማሪዎቹን ከዋርካው ሥር ሲያስተምሩ የጾሙን ዜማ አንድ ስንኝ ዘለሉ። አርባ ዓመት በቃላቸው ያስተማሩት ነው። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም አላረማቸውም። ከመንገዱ ካሚዮን ሲያልፍ ጮኾ ስለነበር ይሆናል። ሰፋሪዎች የጫኑ ካሚዮኖች ሰሞኑን በዝተዋል።

ማታ «ወለተ ሩፋኤል፣ ረፋድ ላይ ሰው ሲያነጋግረኝ ከሩቅ ይሰማኛል» አሉኝ። ጾም ስለሆነ ነው አልኋቸው። «አባ ምን ይሉ ነበር ይሆን?» አሉ። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ መጋቢት 1፣ መጻጉዕ

ሱሪያቸውን በሁለት ጣት አጠበብሁት። ከገና ወዲህ ሦስተኛ ጊዜ ነው።

ሐሙስ መጋቢት 5

ጠዋት መድኃኒቱን ልወስድ ስሄድ ፀሐይወርቅ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«እማማ፣ ትናንት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በአምስት ሰዓት ስመለስ መሪጌታን መንገድ ላይ ሰላም አልኳቸው። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከመርፌው በኋላ አይበሉም እንዴ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ይበላሉ።»

«እንዴ! አባታቸው አይፈቱላቸውም?»

«አልፈቱላቸውም» አልኋት።

ይህን ስናገር ምላሴ አልተሰናከለም። የካቲት 16 ቀን «አላገኘኋቸውም» ስል ግን ተሰናክሎ ነበር። ልዩነቱን እዚህ መጻፍ ይገባኛል ብዬ ጻፍሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባ ካለ ተሻግሬ አባን እንደገና እጠይቃለሁ። ወይም ለመሪጌታ እነግራቸዋለሁ። ነገ ማታ፣ ከበሉ በኋላ።

አርብ መጋቢት 6

ሰማያዊ። አልነገርኋቸውም።

እሑድ መጋቢት 8፣ ደብረ ዘይት

አልነገርኋቸውም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አገርነሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸውን ሳመች። «ጾሙ እንዴት ይዞዎታል መሪጌታ?» አለቻቸው። «ደኅና ነው፤ ዘንድሮ ትንሽ ከበደኝ እንጂ» አሏት።

ረቡዕ መጋቢት 11

ወደቁ።

አምስት ሰዓት ላይ። አሁን ክሊኒክ ነን። አልነቁም።

ቤቴ ውስጥ ስኳር የለም።

አርብ መጋቢት 13

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ቀሚሳቸው ረጥቧል። ቁጭ እንዲሉ ብነግራቸው ሰደቡኝ። በትዳራችን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እኔም እንደ ሕፃን ተቆጣኋቸው፤ «በጾም ምላስዎን ይግቱ» አልኋቸው። የመጨረሻ የሰሙት ይህን ነው።

ከዚያ እጃቸው መርገብገብ ጀመረ፤ ዐይናቸው ወደ ላይ ዞረ፤ ከወንበሩ ተንሸራተቱ። ያን ጊዜ ድሬሰሩ ያለው ቃል በቃል መጣልኝ። ላብ። መንቀጥቀጥ። ነገር መምታታት። ቶሎ ስኳር ያቅምሷቸው።

ጓዳ ገባሁ። የማሩ ገንቦ አለ፤ ጣቴን አስገባሁ። ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ ያጠብሁት ነው። ወደ ፀሐይወርቅ ቤት ሮጥሁ። በሩ ተቆልፏል። በመስኮቱ ስመለከት ጣሳዬ ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ እኔው በእጄ «ስኳር» ብዬ የጻፍሁበት ወረቀት ወደ እኔ ዞሯል። መስኮቱ ብረት ባይኖረው መስታወቱን ሰብሬ እገባ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ስብሰባ ነው ተብሎ ተዘግቷል። አገርነሽ ቤት ገባሁ። «ስኳር አምጪ» አልኋት። «እትዬ፣ ካለቀብን ሳምንት ሆነው» አለች። ተከትላኝ መጣች፤ ጠበል ይዛ። ፊታቸው ላይ ረጨችላቸው።

ጋሪ እስኪገኝ፣ ጋሪው ክሊኒክ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አካሉ ገና ከበሩ ሲያያቸው አወቀ። በክንዳቸው ትልቅ መርፌ ስኳር ሰጣቸው፤ ሁለተኛም ጨመረ። «ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ መጋቢት 15፣ ገብርኄር

ዛሬ ዐይናቸውን ገለጡ። መዝገቤን ለሐኪሙ አሳየሁት፤ የጾሙ ቀን ሁሉ ሰማያዊ ነው። ቅጠል በቅጠል ገለጠው። «እናቴ፣ ሰማያዊ ማለት ትርፍ ስኳር የለም ማለት ነው እንጂ የሚበቃቸው አለ ማለት አይደለም» አለኝ። «በእነዚህ ቀኖች ሁሉ እየተራቡ ነበር። አንጎላቸው ነው የተራበው።»

ደብተሩ በጥሩ እጅ እንደተጻፈም ነገረኝ።

መሪጌታ ጣራውን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። በአራት ቀን የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«አባ ምን አሉ?»

እሑድ መጋቢት 22፣ ኒቆዲሞስ

ቤት ገብተናል። ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ። ሌላ የለም። ስሜን አያውቁትም። ተማሪዎቹ መጡ፤ አንደኛው የሳምንቱን ዜማ በዝግታ ጀመረላቸው። አፉን አፉን አዩት። ልጁ መጨረስ አልቻለም። ጉልበታቸውን ስመው ሄዱ፤ መራዊ ከተማ ካለ ሌላ መምህር ዘንድ ይገባሉ ተባለ። የዜማ ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ትክክል ነው።

የቀራቸው አንድ ነገር ነው። በጠዋት፣ በምሳ፣ በማታ ያንኑ ይጠይቁኛል። አልመልስም። ያጎረስኋቸውን ይውጣሉ።

ረቡዕ መጋቢት 25

በጠዋት መርፌውን ወግቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አበላኋቸው። እንቁላል አንድ፣ ወተት አንድ ብርጭቆ፣ ዳቦ ግማሽ። ልክ በወረቀቱ እንደተጻፈው። ዓሣም አብስያለሁ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሎሚ፣ ያኔ እንደሠራሁት። ዐይናቸውን አልጨፈኑም። ጨው ብረሳበትም የሚያውቁት አይመስለኝም። ግን አልረሳም፤ እመዝናለሁ።

እሳቱን አሁን የማነድደው ደጅ ነው። ጢሱ በአጥሩ ላይ ይሄዳል።

እሑድ መጋቢት 29፣ ሆሳዕና

አገርነሽ በመሐረብ ጫፍ የቋጠረችውን ስኳር አመጣች፤ ሁለት ማንኪያ ይሆናል። «እትዬ፣ ያኔ ስለ ጢሱ ያልሁትን ሰምተውኛል?» አለችኝ።

«አልሰማሁም» አልኋት።

እንዲህ እያልሁ ነው የኖርሁት።

ሐሙስ ሚያዝያ 3

ፀሐይወርቅ ጣሳውን መለሰች፤ ሞልታ። ከውስጡ በወረቀት ጠቅልዬ በመሪጌታ ኪስ ከተትሁ። ሌላም በትራሳቸው ሥር፣ ሌላም በጓዳ፣ ሌላም በዚህ ደብተር ኪስ አለ። ጉንዳን መግባት ጀምሯል።

አሁን አባ ያሉትን እጽፋለሁ። «ይብላ። መርፌው እንደገባ በጠዋት ይብላ፤ ዓሣውንም፣ ወተቱንም። ኃላፊነቱ በእኔ ነው በይው። ሰው ቢያማው እኔን ይሙኝ።» የደገሙልኝ የመጨረሻውን ነበር። ለመሪጌታ ያሉት አይመስለኝም። ለእኔ ነው ያሉት፤ አውቀውኛል።

እሑድ ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

አባ ገብረ መስቀል ከደሴት መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከበሩ ላይ ቆመው መሪጌታን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። መሪጌታም አዩአቸው፤ አላወቋቸውም።

«ልጄ፣ ፈትቼው ነበር እኮ» አሉኝ አባ። «አልቀበልም አለ?»

አዎ ብል ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። ሰዉም ቅዱስ ይላቸው ነበር። እጄ ላይ የዶሮው ጉርሻ አለ፤ በሚዛን የተለካ፣ ቅቤው ጥቂት። መሪጌታ ጉርሻውን ሳይሆን እኔን አዩና፣

«አባ ምን አሉ?» አሉኝ።

«ይብሉ ብለዋል» አልኋቸው። «የካቲት 16 ቀን፣ ሐይቁ ዳር፣ ይብሉ ብለዋል። አግኝቻቸው ነበር።»

አባ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ትንሽ በእጃቸው ይዘውት ቆዩና መልሰው ከተቱት። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ፤ አጎረስኋቸው። አላምጠው ከዋጡ በኋላ እንደገና ጠየቁኝ። እስከ ማታ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። አሥራ አንድ ጊዜ መለስሁ።